የምንበላው ፍርሃትና የሚበላን ፍርሃት

በመስከረም 2018 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ አራት ተማሪዎች ወደ ቢሮዬ መጥተው አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ወረቀቱ ጥቅምት 21 ቀን ሊያዘጋጁ ላሰቡት የ«ሃሎዊን» ግብዣ የተጻፈ የድጋፍ ጥያቄ ሲሆን፣ ከሥሩ የሚቀርቡት ጣፋጮች ዝርዝር ሰፍሮ ነበር። ከእንቁላል ነጭና ከስኳር የሚሠሩ ነጫጭ መናፍስት፣ ጥፍራቸው ለውዝ የሆነ የብስኩት ጣቶች፣ በጨለማ የሚያበራ ከረሜላ፣ በቀይ ሥር የቀላ የስኳር «ደም»። ሁሉም በተማሪዎቹ እጅ የሚዘጋጁ ናቸው። ከእኔ የፈለጉት ፊርማዬንና የላቦራቶሪውን ማድረቂያ ምድጃ ነበር። ምድጃውን ወዲያው ከለከልኳቸው፤ ኬሚካል በገባበት ዕቃ ምግብ አይሠራምና። ስለ ፊርማው ግን «ላስብበት» አልኳቸው።

ጉዳዩ በመምህራን ሻይ ክበብ ሲነሳ ሦስት ዓይነት አስተያየት ሰማሁ። አንዱ ባልደረባዬ «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ሲሉ ተረቱ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ በዓል ደብረ ታቦር ላይ ምን ይሠራል ማለታቸው ነው። ሁለተኛው ነገሩን ከባዕድ አምልኮ ጋር አያያዙት። ሦስተኛዋ ግን ዝግ ባለ ድምፅ፣ «በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከባድ መሣሪያ የወደቀበት ከተማ ከስኳር ከተሠራ መንፈስ ምን ዓይነት ፍርሃት ሊማር ነው?» አሉ። ለሁለቱ መልስ አላጣሁም፤ ለሦስተኛዋ ግን ዝም አልኩ። ግብዣው እስከ አሁን አልተካሄደም። ይህ ጽሑፍ ለሦስቱ ባልደረቦቼ፣ ይልቁንም ለአራቱ ተማሪዎች የምሰጠው የዘገየ መልስ ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልግለጽ። በእጃችን ሠርተን፣ አሠራሩን አውቀን፣ ከጎረቤት ጋር ተካፍለን የምንበላው ፍርሃት ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ያስተምራል። የሚጎዳው ሳንመረምረው በልባችን ያኖርነው፣ በመጨረሻም ሰውን ከሰው የሚለይ ፍርሃት ነው። የዚህ ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ከባሕር ማዶ አልመጣብንም፤ የገዛ ደጃፋችን ላይ ያደገ ነው።

የነፍስ ኬክና ሙልሙል

ለመሆኑ ሃሎዊን ምንድን ነው? ቃሉ የቅዱሳን ሁሉ ዋዜማ ማለት ነው። የምዕራብ ክርስቲያኖች የቅዱሳን ሁሉ በዓልን በኖቬምበር 1 ቀን ያከብራሉ፤ ዋዜማው ኦክቶበር 31 በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ይውላል። ከዋዜማው ልማዶች በርካታዎቹ በአየርላንድና በስኮትላንድ የመኸር ማብቂያና የብርድ ወራት መግቢያ ከነበረው «ሳውን» ከተባለ ጥንታዊ በዓል ጋር ይያያዛሉ። በእንግሊዝ ደግሞ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ድሆችና ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ለሙታን ነፍስ ይጸልዩ፣ ባለቤቶቹም በምላሹ «የነፍስ ኬክ» የሚባል ትንሽ ዳቦ ይሰጧቸው ነበር። ስለ ነፍስ ማብላት ተዝካርን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

በሜክሲኮ ኖቬምበር 1 እና 2 በሚከበረው የሙታን ቀን ከስኳር የራስ ቅል ይሠራል። በግንባሩ ላይ የሰው ስም ይጻፍና ብዙ ጊዜ በሕይወት ላለ ወዳጅ በስጦታ ይሰጣል። ተቀባዩ በስሙ የተሰየመውን ሞት ተቀብሎ ይስቃል። ዩኔስኮ በ2008 እ.ኤ.አ. ይህን የሙታን ቀን ሥርዓት ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል መዝግቦታል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ ከተማችን ስሟን የወሰደችው ከታቦር ተራራ ነው። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው ደብረ ታቦር፣ በሕዝቡ አነጋገር ቡሄ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት የልጆች በዓል ነው። ልጆች ዱላቸውን እየወቀጡ ከቤት ወደ ቤት ይጨፍራሉ፤ ባለቤቶች ሙልሙል ይሰጣሉ፤ ሲመሽ ችቦ ይበራል፤ በየሜዳው ጅራፍ ይጮኻል። ከቤት ወደ ቤት መዞር፣ የጨለማ እሳት፣ የሚያስደነግጥ ድምፅና በእጅ የተጋገረ ስጦታ አራቱም በአንድ ላይ አሉ። ስለዚህ ቁርበት እንዲነጠፍለት የጠየቀው ጅብ ያን ያህል እንግዳ አይደለም፤ የሩቅ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም።

ጅራፉን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ልጅ ሳለሁ ከጨለማ ውስጥ ድንገት የሚሰማው የጅራፍ ጩኸት ያስደነግጠኝ ነበር። ዛሬ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ነገር ሆኗል። ጅራፍ ሲወናጨፍ የሚፈጠረው እጥፋት ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ጫፍ ሲጓዝ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ በመጨረሻም በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል የሆነውን የድምፅ ፍጥነት ይበልጣል። የምንሰማው ጩኸት ከድምፅ የፈጠነ አውሮፕላን ከሚያሰማው ፍንዳታ ጋር አንድ ዓይነት የግፊት ሞገድ ነው። አሊን ጎሪየሊና ታይለር ማክሚለን የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ይህን የእጥፋት ጉዞ በቀመር አሳይተዋል። ቀመሩን ካወቅሁ በኋላ የቡሄ ጅራፍ ደስታ አልቀነሰብኝም። የቀነሰው ድንጋጤው ብቻ ነው። ከተማሪዎቹ ግብዣ የምጠብቀውም ይህንኑ ነው።

የወጥ ቤቱ ትምህርት

ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ዝርዝራቸውን ወደ ቤቴ ወስጄ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ሞከርኩት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ያገኘነው ትምህርት አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

መጀመሪያ ያስቸገረን ጠንካራው ከረሜላ ነበር። ከውጭ የተገለበጠው የአሠራር መመሪያ ስኳሩና ውሃው 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይፍላ ይላል። ደብረ ታቦር ግን 2700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 72 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ንጹሕ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። የስኳር ሽሮፕ ሲፈላ ውሃው እየተነነ ስኳሩ እየበዛ ይሄዳል፤ የሚፈላበት ሙቀትም አብሮ ይወጣል። በባሕር ጠለል 150 ዲግሪ ማለት ውሃው አልቆ ጥቂት ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። ያው ደረጃ እኛ ዘንድ ዘጠኝ ዲግሪ ያህል ቀደም ብሎ፣ በ141 ዲግሪ ገደማ ይደረሳል። 150ን የጠበቀ ሰው ሽሮፑን ከሚገባው በላይ ያደርቀዋል። በአንጻሩ ስኳር የሚቀላበትና የሚመርበት ለውጥ ኬሚካዊ ስለሆነ ከአየር ግፊት ጋር እምብዛም አይያያዝም፤ በጅቡቲም በደብረ ታቦርም በአንድ ዓይነት ሙቀት ይቀላል። ስለዚህ እኛ ዘንድ በከረሜላውና በሚቃጠለው ስኳር መካከል ያለው ርቀት ሰፋ ይላል። ይህን አውቆ የሚሠራ ሰው ነጭና ጥርት ያለ ከረሜላ ማውጣት ይቀልለዋል።

ቴርሞሜትር ለሌለው ሰው ከማንኛውም ከፍታ ጋር የሚስማማ መለኪያ አለ። ከሽሮፑ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣል አድርጎ በጣት መስበር ነው። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል፤ ከታጠፈ ገና ነው። ነገር ግን የሚፈላ ስኳር ከሚፈላ ውሃ እጅግ የባሰ ትኩስ ከመሆኑም በላይ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ጠብታውን ከማንኪያ እንጂ በእጅ መቅዳት ፈጽሞ አይገባም።

ሁለተኛው ችግር ጾም ነበር። ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ዓርብ ነበር፤ ቡሄም ሁልጊዜ በፍልሰታ ጾም መካከል ይውላል። ከእንቁላል ነጭ የሚሠራ መንፈስ ታዲያ ለማን ይቀርባል? መልሱ ከሽምብራ ድስት ተገኘ። በ2014 እ.ኤ.አ. ጆኤል ሮሴል የተባለ ፈረንሳዊ የጥራጥሬ ቅቅል ውሃ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ እንደሚያወጣ አሳይቷል። ሽምብራ ሲቀቀል ከፕሮቲኑና ከስታርቹ ጥቂቱ ወደ ውሃው ይገባል። ውሃው ሲመታ ፕሮቲኖቹ በአየር አረፋዎቹ ዙሪያ ተሰልፈው ስስ ግድግዳ ይሠራሉ፤ ስኳሩ ደግሞ ውሃውን አወፍሮ ግድግዳው ቶሎ እንዳይፈርስ ይረዳል። ሽምብራውን ሌሊቱን ዘፍዝፈን፣ የዘፈዘፍንበትን ውሃ ደፍተን፣ በአዲስ ውሃ በደንብ ቀቀልነው። የቅቅሉን ውሃ ለብቻው እንደ እንቁላል ነጭ እስኪወፍር አፈላነውና አቀዘቀዝነው። ከዚያ ለአንድ ሲኒ ውሃ አንድ ሲኒ የተፈጨ ስኳርና ጥቂት የሎሚ ጭማቂ እየጨመርን ከሩብ ሰዓት በላይ መታነው። ክንድ ያደክማል፤ አረፋው ግን በማንኪያ ሲነሳ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በላስቲክ ከረጢት ጫፍ እየጨመቅን መናፍስቱን ሠራናቸው፤ ዓይናቸውን በጥቁር አዝሙድ አደረግነው። በ100 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ለሁለት ሰዓት ያህል ደረቁ።

እዚህ ላይ የደጋው አየር የራሱ ሚና አለው። ስኳር ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። በጥቅምት ደረቅ ፀሐይ የተሠራው መንፈስ ቀናት ይቆያል። በነሐሴ የጉና ጉም ከተማዋን ሲያለብሳት የሚሠራው ግን በአንድ ሌሊት ያለቅሳል፤ ማለትም ላዩ ላይ የስኳር ጠብታ ያወጣል። ለቡሄ የሚያዘጋጅ ሰው ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ዕቃ ያስቀምጠው።

ሦስተኛው፣ ለእኔም ከሁሉ የበለጠው፣ በጨለማ የሚያበራው ጣፋጭ ነው። ተማሪዎቹ ቀለም ገዝተን እንቀባዋለን ብለው ነበር። ቀለም አያስፈልግም፤ ስኳር ራሱ ያበራል። ፍራንሲስ ቤከን በ1620 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ጠንካራ ስኳር በጨለማ ሲሰበር ወይም ሲፋቅ ብልጭ እንደሚል ጽፏል። የስኳር ክሪስታል ሲሰነጠቅ በሁለቱ ገጾች ላይ ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙሌቶች ይለያያሉ። በመካከላቸው ባለው አየር ውስጥ ሲገናኙ ናይትሮጅኑ ብርሃን ያወጣል። ነገሩ በጣም ትንሽ መብረቅ ነው። አብዛኛው ብርሃን ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ቢሆንም ከእሱ ጋር ደብዛዛ ሰማያዊ ብልጭታ አለ። ለመሞከር የሚያስፈልገው በክር ላይ ያደገ የስኳር ክሪስታል፣ ንጹሕ ፒንሳና ፍጹም ጨለማ ነው። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ሩብ ሰዓት መታገሥ ያሻል። መብራት የሚጠፋበት ምሽት ለዚህ ምርጥ ነው፤ የከተማችን ነዋሪ እንዲህ ያለ ምሽት ለማግኘት ብዙ አይጠብቅም። የአሥር ዓመት ልጄ ብልጭታውን ስታይ መጀመሪያ ጮኸች፤ ቀጥላ «እንደገና» አለች። በጩኸቱና በ«እንደገና» መካከል ያለችው ቅጽበት ለእኔ ሳይንስ የሚጀመርባት ናት።

ያለፍነው በር

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ጨዋታ ነው። አሁን ወደ ሌላኛው ፍርሃት ልለፍ።

ያደግሁት ከደብረ ታቦር ወጣ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። ቡሄ ስንጨፍር የማናንኳኳው አንድ በር ነበር። የሸክላ ሠሪ ቤት ነው። እናቴ ምጣዷንም ጀበናዋንም የምትገዛው ከዚያ ቤት ነበር፤ እንጀራችን የሚጋገረው በእኚያ ሴት እጅ በተሠራ ምጣድ ላይ ነው። ከእጃቸው ሙልሙል መቀበል ግን ክልክል ነበር። ምክንያቱን ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ አንድ ቃል ነው፤ «ቡዳ»።

ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት ሲሆነኝ፣ ዝናቡ ባባራበት በአንድ የቡሄ ማታ፣ በዚያ ቤት ፊት ስናልፍ ሴትየዋ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። በሰፌድ ሙልሙል ደርድረዋል። እኩያዬ የሆነ ልጃቸው ከኋላቸው ቆሟል። አውራጃችን ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሁላችንም ዓይናችንን መሬት ላይ ተክለን አለፍን። ክፉ ቃል የተናገረ አልነበረም። ቀጥሎ ካለው ቤት ስንደርስ ጭፈራውን እንደገና ጀመርን። ከዚያ ማታ ዛሬም ድረስ የማይረሳኝ የሙልሙሉ ብዛት ነው። ለሁላችንም ይበቃ ነበር።

ቡዳ ሰውን በዓይኑ «ይበላል»፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይዞራል የሚለው እምነት በደጋው አገራችን የቆየ ነው። ክፉ ዓይንን መፍራት በሜዲትራኒያን ዙሪያም በሌላውም ዓለም አለ። የእኛው ልዩ የሚሆነው ጣቱን የሚቀስረው በባለ እጁ ላይ በመሆኑ ነው፤ በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በቆዳ ፋቂው ላይ። በጎንደር ምድር ብረትና ሸክላ ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል በዚህ ስም ለዘመናት ተገልለው ኖረዋል። ሐጋር ሳላሞን የተባሉ ተመራማሪ በ1999 እ.ኤ.አ. ስለ እነሱ ያሳተሙትን መጽሐፍ «የጅብ ሰዎች» ብለው የሰየሙት ከዚሁ የተነሣ ነው።

ነገሩ በእኛ ከተማ ሲሆን ይበልጥ ያሳዝናል። ጋፋት ደብረ ታቦር አጠገብ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ እንዲሠራላቸው የመረጡት ቦታ ይህ ነው፤ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል እዚያ ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ተጎትቷል። በጋፋት ታሪክ እንኮራለን፤ ብረት የሚያቀልጠውን ጎረቤታችንን ግን እንሸሻለን። ዐፄ ምኒልክም ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ዐዋጁ ከተነገረ ከሰማንያ ዓመት በላይ አልፎ ነው እኛ ያንን በር ዘለን ያለፍነው።

በፊዚክስ ዓይን ሲታይ የሸክላ ሠሪዋና የከረሜላ ሠሪው ሙያ ቅርብ ነው። ሁለቱም ውሃን በሙቀት ያስወጣሉ፤ የሚለዩት በደረጃው ነው። ሸክላ ከ600 ዲግሪ በላይ ሲተኮስ በማዕድኑ ውስጥ በኬሚካዊ ትስስር የተያዘው ውሃ ሳይቀር ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ዕቃው ዝናብ ቢመታው ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። ይህን ያለ ቴርሞሜትር፣ በእሳቱ ቀለምና በልምድ የሚያውቅ ሰው ቀደምት የሙቀት ተመራማሪያችን ነበር። እኛ ግን ዕውቀቱን አስማት አልነው፤ ባለ ዕውቀቱንም ጅብ።

«ታዲያ የሚታመሙት ሰዎች?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ሕመሙ እውነት ነው። ከምክንያቱ ጋር ያገናኘንበት መንገድ ግን መመርመር አለበት። በ1997 ዓ.ም. በዞናችን በሊቦ ከምከም ሰዎች እየከሱ፣ ሆዳቸው እየነፋ፣ በትኩሳት ይሞቱ ነበር። በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ታስቦ ነበር። ምርመራ ሲደረግ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ ሕክምናውም ወደ አዲስ ዘመን መጣ። የጤና ባለሙያዎች እንኳ በመጀመሪያ ግምታቸው ተሳስተው ነበር። ያዳናቸው ግምታቸውን ለመፈተን ፈቃደኛ መሆናቸው ነው። ቡዳን የሚያምን ሰው ግን ግምቱን ፈትኖ አያውቅም፤ ከሸክላ ሠሪዋ እጅ በልቶ ጤነኛ የሆነውን ሰው ማንም አልቆጠረውም፤ መጀመሪያውኑ የበላ የለምና።

በሌላ ደጃፍ

የዚያን ደጃፍ ትርጉም የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በአሜሪካ ለዶክትሬት በምማርበት ጊዜ ነው። በደረስኩበት በመጀመሪያው ዓመት በኦክቶበር መጨረሻ አንድ ማታ በሬ ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ ጠንቋይና አጽም መስለው የለበሱ ሁለት ሕፃናት ከእናታቸው ጋር ቆመዋል። ስለ በዓሉ ሰምቼ ስለነበር ቡሄ ትዝ ብሎኝ ቀኑን ሙሉ ሙልሙል ስጋግር ነበር የዋልኩት። በሳሕን አቀረብኩላቸው። እናትየዋ ፈገግ ብላ አመሰገነችኝና፣ ከፋብሪካ ታሽጎ የመጣ ካልሆነ እንደማይቀበሉ በትሕትና ነገረችኝ። ልጆቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ሄዱ። ክፉ ቃል የተናገረ እዚያም አልነበረም። በሩን ዘግቼ ስቀመጥ የታየኝ የሸክላ ሠሪዋ ሰፌድ ነበር።

ቆይቼ ነገሩን ሳጠና የሚከተለውን ተረዳሁ። በአሜሪካ ጎረቤት ለልጆች መርዝ ወይም ምላጭ ያለበት ጣፋጭ ይሰጣል የሚል ፍርሃት በተለይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሰፊው ተሠራጭቶ ነበር። ጆኤል ቤስት የተባሉ የኅብረተሰብ ሳይንስ ሊቅ በ1985 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ጋር ባወጡት ጥናትና ከዚያም በኋላ በተከታተሉት ምርመራ፣ ልጆች እየዞሩ ከማያውቁት ሰው ከተቀበሉት ጣፋጭ የተነሣ የሞተ ወይም ክፉኛ የተጎዳ ልጅ ስለ መኖሩ የተረጋገጠ ማስረጃ አላገኙም። በ1974 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ አንድ ሕፃን በተመረዘ ከረሜላ ሞቷል፤ መርዙን የሰጠው ግን የገዛ አባቱ ነበር። በዚህ ፍርሃት ምክንያት በእጅ የተሠራ ጣፋጭ ከዚያ በዓል እየራቀ፣ ቦታውን የታሸገው ያዘ። ቡዳ ፓስፖርት ሳይኖረው ውቅያኖስ ተሻግሮ ይኖራል ማለት ነው።

ይህን ስል በጣፋጭ ውስጥ አደጋ የለም ማለቴ አይደለም። በኦክቶበር 1858 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ልክ በሃሎዊን ዋዜማ፣ በእንግሊዟ ብራድፎርድ ከተማ የተሸጠ ከረሜላ ሃያ ያህል ሰዎችን ገድሎ 200 ያህል አሳምሟል። ከረሜላ ሠሪው ውድ የነበረውን ስኳር ለመቆጠብ ጄሶ የመሰለ ነጭ ዱቄት ይደባልቅ ነበር፤ ከመድኃኒት ቤቱ በስሕተት የተሰጠው ግን አርሴኒክ ነበር። አርሴኒኩ የተቀመጠበት በርሜል ላይ ስሙ በቅጡ አልተጻፈበትም። ያንን ያህል ሰው የፈጀው ክፉ ዓይን ሳይሆን ማጭበርበርና ያልተጻፈ ስም ነው። እንጀራ ውስጥ ጄሶ ተገኘ ሲባል ሰምቶ የሚያውቅ የአገራችን ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ለአራቱ ተማሪዎች ፊርማዬን እሰጣለሁ፤ ጥቂት ማሳሰቢያዎችን ጨምሬ።

አንደኛ፣ «ደሙ» ይቅር። የተኩስና የፍንዳታ ድምፅም አይኑር። ሦስተኛዋ ባልደረባዬ እውነት ተናግረዋል፤ በዚህች ከተማ ደምና ፍንዳታ የጨዋታ ዕቃ አይሆኑም። የቀይ ሥሩ ሽሮፕ ግን በሌላ ስም ይቅረብ፤ ጣዕሙ መልካም ነው። ፍርሃት ጨዋታ የሚሆነው ፈሪው በፈለገ ጊዜ መብራቱን ማብራት ሲችል ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ጣፋጭ ፊት ካርድ ይቀመጥ። ካርዱ ውስጡ ምን እንዳለ ይናገር፤ ለውዝ የማይስማማው ሰው አለና፣ የብራድፎርድ በርሜልም አለና። ከዚያ በታች ጣፋጩ በምን ምክንያት እንደሚያስፈራ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። በጨለማ የሚያበራው ለምን ያበራል? መንፈሱ ለምን ይቆማል? ለምንስ ያለቅሳል? መልሱን መጻፍ ያልቻለ ተማሪ ጣፋጩን ገና አልሠራውም።

ሦስተኛ፣ ለቀኑ ብዙ አንጨነቅ። በጥቅምት ይሁን ብትሉ እስማማለሁ፤ መናፍስቱም ይደርቃሉ። እኔ ግን በየዓመቱ ነሐሴ 12 ማታ፣ በቡሄ ዋዜማ፣ ከሙልሙሉ ጎን ቢቀርብ እመርጣለሁ። ቅርጹም የሩቅ አገር ብቻ አይሁን። ጭራቅ አለን፤ ጅብ አለን። የስኳር ጅብ ሥሩና ካርዱ ላይ ዓይኑ በሌሊት የሚያበራው ከዓይኑ ኋላ ብርሃንን መልሶ የሚያንጸባርቅ ንጣፍ ስላለው እንደሆነ ጻፉ። ጅብ ጅብ ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ ግን ሰው ናቸው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ያስተማረ ግብዣ ለእኔ ከአንድ ሴሚስተር ትምህርት አያንስም።

በመጨረሻ ለተማሪዎቹ ብቻ ሳይሆን ይህን መጽሔት ለያዘ ወጣት ሁሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። ለቡሄ ወደ ቤተሰባችሁ ስትሄዱ በቀበሌያችሁ የሚታለፈው በር የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ። ታናናሾቻችሁን ይዛችሁ አንኳኩት። ሙልሙሉን ተቀበሉ፤ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆማችሁ፣ ልጆቹ እያዩ ብሉ። እኔ ወደዚያ ቤት ስመለስ ምድጃው ከቀዘቀዘ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር፤ እኚያ እናት ዐርፈዋል፤ ልጃቸውም ወዴት እንደሄደ የሚነግረኝ አላገኘሁም። እናንተ ግን ገና ጊዜ አላችሁ።